መኪና የማይበዛበት አገር ከሽሮ ሜዳ ጀርባ ነው

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቆች እንደተቆለፉ ናቸው። ቀሚሶቹ፣ ነጠላዎቹና ጋቢዎቹ ደጅ የሚሰቀሉት ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው። በዚህ ሰዓት የነቃው የታክሲ ተራው ብቻ ነው። ረዳቶቹ ፊታቸውን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው «ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ!» እያሉ ይጣራሉ፤ ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ሁለት ወጣቶች ግን ጀርባቸውን ለታክሲዎቹ ሰጥተው፣ ብስክሌታቸውን ከአስፋልቱ ዳር አቁመው ጎማቸውን በአውራ ጣት ጫን ጫን ያደርጋሉ። አንደኛው ከኮርቻው ሥር ፖምፓና ትርፍ የውስጥ ጎማ አስሯል። የሌላው ሻንጣ ውስጥ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሁለት ኮዳ ውሃና የታጠፈ ጋቢ አለ። ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣውን አቀበት ሊጀምሩ ነው።

ከዚህ አቀበት ወዲያ ያለው አገር ለብስክሌት ጉዞ የተመቸ ነው ሲባል ብዙ አዲስ አበቤ አያምንም። ብስክሌት ሲነሳ ቶሎ የሚታሰቡን ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና ድሬዳዋ ናቸው፤ መሬታቸው ሜዳ ስለሆነ። የሰሜን ሸዋ አምባ ግን ሌላ ዓይነት ሜዳ ነው። አንዴ ከላይ ከተወጣ በኋላ ለብዙ ኪሎ ሜትር ወገብ የማይሰብር፣ ሰፊ፣ ነፋሻማ አገር ነው። ትልቁ ጸጋው ደግሞ የመኪና ማነስ ነው። ከአገሪቱ ተሽከርካሪዎች ትልቁ ድርሻ አዲስ አበባ ውስጥ ታጭቆ ስለሚውል፣ ከከተማው ጫፍ ወጥቶ ከዋናው አስፋልት የተገነጠለ ሰው አውሮፓውያን በብዙ ወጪ የሚፈልጉትን ጸጥታ በነፃ ያገኘዋል።

መጀመሪያ ግን አቀበቱ አለ። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለው መንገድ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ 400 ሜትር ገደማ ሽቅብ ያስወጣል። ከላይ ሲደረስ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ኃይለኛ ሯጮቻችን ይህን ጫካ የሚወዱትም ለዚሁ ነው። ለብስክሌተኛ የሚበጀው መመሪያ አንድ ነው፤ እያወሩ መሄድ እስኪቻል ድረስ ማርሹን ማቅለል። ወሬ የሚያቋርጥ ትንፋሽ ሱሉልታ ሳይደረስ እግር ይጨርሳል።

በዚህ አቀበት ላይ ሽቅብ የሚሄድ ሁሉ ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን ያገኛል። የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ወገባቸው ከመሬት ጋር ሊገጥም እስኪቃረብ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከእግራቸው ሥር ሳያነሱ ይወርዳሉ። ሸክሙ ከትከሻቸው ግራና ቀኝ ስለሚሰፋ የመንገዱን ጠርዝ ይሞላዋል። ጥግ መልቀቅ ያለበት ብስክሌተኛው ነው። «እናቴ፣ በርቺ» ብሎ ወደ መሃል ወጣ ማለት፣ መኪና እየመጣ ከሆነም ቆሞ ማሳለፍ። መንገዱን እየተመላለሱ ያቀኑት እነሱ ናቸው፤ በእሑድ ማለዳ ለስፖርት የወጣ ሰው እንግዳቸው ነው።

እነሱ የሚሸከሙት ዛፍ ራሱ የዚህ ተራራ ታሪክ ነው። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዚያ በፊት በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባን ቆርቁረው ነበርና፣ ብርዳማውና ማገዶው የመነመነው እንጦጦ እያደር ለታችኛው ከተማ ቦታውን ለቀቀ። የማገዶው ችግር ግን ከተማውንም ተከትሎ ወረደ። በምኒልክ ዘመን የገባው የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ያን ችግር አስታግሶ፣ የተራራውንም መልክ ለውጦ ቀረ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የጫካው አንድ ክፍል የእንጦጦ ፓርክ ሆኗል። በፓርኩ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ብዙ ነው፤ ለልጆችና ለጀማሪዎች ጥሩ ነው። ጉዞ የሚባለው ግን ከፓርኩ አጥር ወዲያ ነው።

ከተራራው ጫፍ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው፤ ውሃ እዚህ ላይ ነው የሚለያየው። በደቡቡ ፊት የወረደ ዝናብ በቀበናና በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። በሰሜኑ ፊት የወረደው ወደ ሱሉልታ ሜዳ፣ ከዚያ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ መጨረሻውም ሜድትራንያን ነው። ለብስክሌተኛው ይህ ከእውቀትም በላይ ነው። ከዚህ ጫፍ በስተደቡብ ያለው ውሃ ሁሉ ወደ ከተማው ጭስ ይወርዳል፤ በስተሰሜን ያለው ወደ ገጠሩ። ፍሬኑን እየያዘ፣ በጫካው መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚወርድ ሰው የሚከተለው የዓባይን ውሃ ነው።

ሱሉልታ ሲደረስ ፈተናው ይመጣል። ወደ ጎጃም የሚወስደው ዋና አስፋልት በዚህ ያልፋል፤ አውቶቡሱ፣ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ከባዱ ተሳቢ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ጫንጮ ወደ ደርባ የሚገነጠል መንገድ አለ። የደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ተሳቢዎቹ በዚህ መስመር ይመላለሳሉ። ጭነት የያዘ ተሳቢ በአጠገብ ሲያልፍ መጀመሪያ ነፋሱ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ወዲያው ወደ ጎማዎቹ መልሶ ይስባል። የመንገድ ዳር ጠርዝ በተሰባበረበት አስፋልት ላይ ይህን መቋቋም ጀግንነት አይደለም። በዋናው መንገድ ላይ መሄድ የግድ ከሆነ እሑድ ማለዳ፣ ከ1 ሰዓት በፊት፣ ለአጭር ርቀት ብቻ ይሁን። የተቀረው ጉዞ በግራና በቀኝ ካሉት መንገዶች መፈለግ አለበት።

እነዚያ መንገዶች አሉ፤ ለብስክሌት ተብለው ግን አልተሠሩም። በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመንገድ አውታር ከ26,000 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር። ሁለት አሥርት ዓመት ሳይሞላ ከ100,000 ኪሎ ሜትር አለፈ። አብዛኛውን ጭማሪ ያመጣው አስፋልቱ አይደለም፤ ጠጠሩ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ከዋናው ጎዳና ጋር ለማገናኘት የታቀደ ነበር። ዓላማው ገበሬው እህሉን ገበያ፣ ነፍሰ ጡሯም ጤና ጣቢያ እንድትደርስ ነው። ጥራቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ድልድይ የጎደለው፣ ጎርፍ የበላውም ብዙ ነው። የሆኖ ሆኖ ማንም ሳያቅደው ለብስክሌት ጉዞ ከሚመኙት ሁሉ ይበልጥ የሚስማማ መረብ በአገሪቱ ላይ ተዘረጋ። ስፋቱ አራት ሜትር የሚሆን ኮሮኮንች፣ ቀስ ብሎ የሚጠማዘዝ፣ ከቀበሌ ቀበሌ የሚያገናኝ።

በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ማለዳ የሚያጋጥመው ትራፊክ ይህ ነው፤ ወተት በጀሪካን የጫነ አህያ፣ ድርቆሽ የተከመረበት ጋሪ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ነጭ የለበሱ ሰዎች፣ አልፎ አልፎ ሞተር ብስክሌት። የሰላሌ ሰው ፈረስ ይወዳልና ፈረሰኛም አይጠፋም። ፈረስ ብስክሌት ሲያይ ይደነብራል፤ በተለይ ከኋላው ድምፅ ሳያሰማ ሲመጣበት። ስለዚህ ከሩቅ ድምፅ ማሰማት፣ ሲቀርቡ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ሰላምታው በኦሮምኛ ነው። «አካም» ያለ መንገደኛ ፊቱ ሁሉ ይፈካለታል። ሰላምታ ሳይሰጥ መነጽሩን አድርጎ የሚያልፍ ብስክሌተኛ ግን በልጆች ጩኸት ይሸኛል። ከውጭ የመጡ ተጓዦች በአገራችን መንገዶች ላይ የልጆች ጩኸትና የድንጋይ ውርወራ አስቸገረን እያሉ ለዓመታት ጽፈዋል፤ ውሸት አይደለም። ከብስክሌቱ ወርዶ የሦስት ደቂቃ ወሬ ለሚያወራ ሰው ግን ያው ልጅ ጠባቂው ይሆናል።

ይህን በጎማ መተንፈስ ነው ያየሁት። ከጫንጮ ወዲህ፣ ከዋናው መንገድ በተገነጠለ የቀበሌ መንገድ ላይ፣ የግራር እሾህ የኋላ ጎማዬን በሳው። ቀዳዳው በጣም ትንሽ ስለነበረ በጆሮም በከንፈርም ሊገኝ አልቻለም። ከብት ይጠብቅ የነበረ ልጅ ሥራዬን ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ካየ በኋላ ምንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ሮጠ። የተመለሰው ሰፋ ባለ የፕላስቲክ ሳፋ ውሃ ይዞ ነው፤ ውሃው በሩጫው ግማሹ ፈስሷል። የተነፋውን የውስጥ ጎማ ከሳፋው ከተትነው፤ ዙሪያውን ቀስ እያደረግን ስናዞር አንድ ቦታ ላይ ጥቃቅን የውሃ አረፋ በሰልፍ መውጣት ጀመረ። ጣቱን አደረገበት። ጨርቅ ይዤ አደረቅሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፣ ማስቲሽ ቀባሁት። ልጁ ወዲያው እንዳልለጥፈው እጄን ያዘና ማስቲሹን እፍ እያለ አደረቀልኝ። ልክ ነበር፤ ማስቲሽ ሳይደርቅ የተለጠፈ ላስቲክ አይይዝም። ከዚያ እሾሁን ከውጭ ጎማው ውስጥ በጥርሱ ነቅሎ ሰጠኝ። ማንም ያላስተማረው ጎሚስታ ነው። እናቱ በር ላይ ቆመው «ግቡ፣ ቡና ጠጡ» አሉን፤ በዚያ አገር ግብዣ ከልብ ነው።

ውሻ የተለየ ጉዳይ ነው። የእረኛ ውሻ የሚሮጥ ነገር ካየ ይከተላል፤ ብስክሌት ደግሞ እንደሚሮጥ እግር ሆኖ ያታልለዋል። ለማምለጥ ፔዳል መርገጥ ነገሩን ያባብሰዋል። የሚሠራው ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ብስክሌቱን በራስና በውሻው መሃል አድርጎ በእርጋታ መራመድ ነው። ብዙውን ጊዜ እረኛው ይጠራዋል፤ ከሰፈሩ ወሰን ሲወጣም ውሻው ራሱ ይተወዋል።

ወቅቱን አለማወቅ ከውሻም ይከፋል። የሱሉልታና የአካባቢው ሜዳ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በሐምሌና በነሐሴ ጠጠር ባልፈሰሰበት መንገድ ላይ ብስክሌት የሚያስገባ ሰው በጥቂት ሜትር ውስጥ ጎማው መዞር ያቆማል፤ ጭቃው በፍሬኑና በጎማው መሃል ተጠቅጥቆ እንደ ሲሚንቶ ይይዘዋል። ለዚህ መፍትሔ የለም፤ ተሸክሞ መውጣት ብቻ ነው። ለሜዳው ሣር ግን ይኸው አፈር ሲሳዩ ነው። አዲስ አበባ የሚጠጣው ወተትና ከብቱን የሚቀልበው ድርቆሽ ከዚህ የሚመጣው ዋልካው ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ነው። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ አደይ አበባ የመንገዱን ጠርዝ ሲያለብስ መሬቱ መጥናት ይጀምራል። ጥቅምት ከሁሉ የተሻለ ወር ነው፤ አየሩ ጠርቷል፣ አቧራው ገና አልተነሳም፣ ገብስና ስንዴውም ቆሟል። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ በሜዳው ውርጭ ስለሚጥል ጋቢው የግድ ነው። ከጥር በኋላ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ነፋሱን ፊት ለፊት የሚያገኙበትን አቅጣጫ ጠዋት መጨረስ ይበጃል።

የበዓሉም ቀን መታወቅ አለበት። ከአዲስ አበባ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም ሳይርቅ ያለው ደብረ ሊባኖስ በተክለ ሃይማኖት በዓላት፣ በተለይ በጥር 24፣ በግንቦት 12 እና በነሐሴ 24፣ በምእመናን ይጥለቀለቃል፤ መንገዱም በመኪና ይሞላል። በሌላው ቀን ግን ገዳሙ በብስክሌት ለሚመጣ መንገደኛ በሰሜን ሸዋ ካሉት መዳረሻዎች አንደኛው ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ምእመናኑ የተጨፈጨፉበት ቦታ መሆኑን አውቆ፣ ብስክሌቱን ከቅጥሩ ውጭ አቁሞ፣ ጫማውን አውልቆ መግባት ይገባዋል።

ብስክሌት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደዋል፤ ገረመው ደንቦባ ከነሱ አንዱ ናቸው። የመቀሌው ጽጋቡ ገብረማርያም ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ተካሂዷል። ሩዋንዳ ከውድድር ባሻገር በኪቩ ሐይቅ ዳር 227 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የኮንጎ ናይል መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ አዘጋጅታለች። እኛ ዘንድ ግን ብስክሌት ወይ ውድድር ነው፣ ወይ የከተማ መጓጓዣ። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል የአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለመኪና እየተዘጉ ስንት ልጅ በአስፋልት ላይ መንዳት ተማረ። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። እነዚያ ልጆች አድገው ከመስመሩ ጫፍ ወዲያ ወዴት እንሂድ ሲሉ መልስ የሚሰጣቸው የለም።

መልሱ ሩቅ ድረስ ይሄዳል። 130 ኪሎ ሜትር ላይ ካለችው ደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በደጋው አፋፍ ላይ ይሄድና የአፋርን ቆላ ከላይ ያሳያል። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚዘልቀው ደግሞ ጓሳን ያቋርጣል። ጓሳ ላይ የመንዝ ሰው የሣሩን አጨዳ በራሱ ሥርዓት ለ400 ዓመታት ያህል ሲያስተዳድር ኖሯል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስካሁን ያሉትም ለዚሁ ነው። በባሌ የሳነቲ አምባ መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይሄዳል። ይህን ስጽፍ ግን ልቤ ከባድ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት የአማራ ክልል ግጭትና በሰሜን ሸዋ ኦሮሚያ መንገዶች ላይ የደረሰው እገታ ከእነዚህ መስመሮች የሰሜኖቹን ለጉዞ የማይታሰቡ አድርገዋቸዋል። በዚያ የሚያልፈው ገበሬ፣ ሾፌርና ተማሪ ከእኛ ይልቅ ዋጋ ከፍሏል። ሰላም ሳይኖር ብስክሌተኛ አይወጣም፣ ማንንም አላበረታታም። ዛሬ ከሱሉልታ ማለፍ የሚፈልግ ሰው በዚያው ሳምንት የአካባቢውን ሰው መጠየቅ አለበት፤ «አትሂዱ» ከተባለ ደግሞ መመለስ።

ሰላሙ ሲመጣ የሚያስፈልገው ገንዘብ ትንሽ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. በቤልጅየም ሊምበርግ ሁጎ ቦለን የተባለ የማዕድን መሐንዲስ የገጠር መንገዶችን መገናኛ በቁጥር ሰይሞ፣ ብስክሌተኛው ከቁጥር ወደ ቁጥር እንዲሄድ አደረገ። አዲስ መንገድ አልሠራም፤ ያለውን በምልክት አገናኘ። ሐሳቡ ወደ ኔዘርላንድስ ተሻገረና አገሩን አዳረሰ። እኛ መንገዱ አለን፤ ማስተናገዱንም እናውቅበታለን። ወሎ መቄት ውስጥ ገበሬዎች በአምባቸው ጫፍ የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፣ እግረኛ ጎብኚዎችን ተቀብለው ገቢውን ለማኅበራቸው ሲያደርጉ ኖረዋል። ያ ለእግረኛ የሠራው ለብስክሌተኛ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ከአንድ ቤተሰብ የሚጠበቀው መኝታ፣ እንጀራና ሽሮ፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ፣ ብስክሌት የሚያድርበት ጥግ፤ ይኸው ነው።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። ከሙከ ጡሪ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መስመር ለዓመታት በአምባው ጫፍ ከሚገኙት ጸጥ ያሉ መንገዶች አንዱ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ በለሚ ግዙፍ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል። ፋብሪካው ሥራ ነው፣ አገሩም ሲሚንቶ ይፈልጋል። ተሳቢ የገባበት መንገድ ግን ተመልሶ የአህያና የብስክሌት አይሆንም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አለው፤ ሐሳቡ ያረፈው በአብዛኛው ከተማ ላይ ነው። በቀሩት ዓመታት አንድ የገጠር ወረዳ ተመርጦ ቢሞከር ሱሉልታን የመሰለ የለም፤ ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው፣ ሜዳ ነው፣ የቀበሌ መንገዱም ተሠርቷል። የመጀመሪያው ምልክት ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሰሜን በሚወርደው የጫካ መንገድ አፍ ላይ ይተከል። ሁለተኛው ከዋናው አስፋልት መገንጠያው ላይ፣ የተሳቢ ሾፌሮችም በሚያዩት ቦታ፤ ሦስተኛው ደግሞ ጫንጮ ሳይደረስ፣ ወደ ደርባ የሚሄዱት መኪናዎች ከቀበሌው መንገድ በሚለዩበት። ጽሑፉ በኦሮምኛና በአማርኛ፣ ከሥሩም የሚቀጥለው ቀበሌ ስምና ኪሎ ሜትሩ።